በታደሰ ወንበር ላይ የለካሁት ሙቀት

መንፈስ፣ ጥላ፣ ጥሪ የሚባለውን ነገር እኔ አላምንም፣ ያኔም አላምንም ነበር፤ ጋዜጠኛ ነኝ፣ የሰማሁትን ካየሁት ለይቼ መጻፍ የዕለት ሥራዬ ነው። ይህን ግን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ከማየትም አልፌ ለክቼዋለሁ፣ ስለዚህ እንደሆነው ልንገራችሁ፣ ትርጉሙን ግን አትጠይቁኝ።

ዘመኑ የደርግ፣ ከተማው ናዝሬት፣ ወሩ ታኅሣሥ ነው። ወዳጄ ታደሰ የባዮሎጂ መምህር ነበር፣ ከሶደሬ ወዲያ አዋሽ ዳር ያገኘውን ግልገል ዘንዶ ሳሎኑ ውስጥ በመስታወት ሣጥን ያሳድግ ነበር፣ አዎ፣ ዘንዶ፣ የተማሪ ፈተና ሲያርም ከወንበሩ መደገፊያ ወደ ትከሻው ወጥቶ የሚተኛ። ታደሰና ሚስቱ ጫልቱ ጴንጤዎች ስለነበሩ ጎረቤቱ "እባብ ያመልካሉ" እያለ ያማቸው ነበር። ይህ ከመሆኑ ከሦስት ሳምንት በፊት ቤታቸው ውስጥ ሲጸልዩ የቀበሌ ጥበቃዎች ገብተው ታደሰን ወሰዱት። የት እንዳለ የሚነግረን አጣን፤ በማውቃቸው ሰዎች ሁሉ በኩል ጠየቅኩ፣ ከዚያ መጠየቁን ተውኩት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጫልቱ ቢሮዬ ድረስ መጣች።

"ጋሼ፣ ዘንዶው ሊሞትብኝ ነው። ታደሰ ሲመጣ ምን እለዋለሁ? አደራ ብሎኝ ነው የወጣው።"

ሣጥኑን የሚያሞቀው አምፖል ተቃጥሎባት አጠገቡ ከሰል አቀጣጥላ ኖሯል። "ከሰሉ እሱንም አንቺንም ይገድላል" አልኳት። ሦስት ሱቆች የነበራቸው መቶ ዋት ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ለዚያች ሣጥን ይበዛል፤ አርባውን ያገኘነው አራተኛው ሱቅ ነው። የሰፈሩ ጥበቃ አምፖሉን በእጄ አይቶ ሳቀ።

"ጓድ ጋዜጠኛ፣ ዘንዶው መግለጫ ሊሰጥ ነው እንዴ?"

"በርዶታል" አልኩት።

ታደሰ መመሪያውን በእጁ ጽፎ ሣጥኑ ላይ ለጥፎታል። አምፖሉ ከወንፊት ሽቦው ውጭ ይሁን፣ ውስጥ ከገባ ይጠመጠምበታል፣ ቆዳው ሲቃጠልም አይታወቀውም ይላል። ሙቀቱ በአንድ ጎን ብቻ ይሁን፣ ሲበዛበት የሚሸሽበት ያግኝ። ማታ መብራት ይጥፋ፣ በምትኩ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ። እንዳለው አደረግን። የትምህርት ቤቱ ቴርሞሜትር ከታች ተነስቶ ሃያ ስምንት ሲገባ ጫልቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠች፣ ከታደሰ ወንበር ላይ ግን አይደለም፣ ባሏ ከተወሰደ ወዲህ እዚያ ላይ ማንንም አላስቀመጠችም።

አሥራ ሁለት ሰዓት እንዳለፈ መብራት ጠፋ። ሻማ ለኮስን፣ ጫልቱም ከቀበሌ ሱቅ የደረሳትን የመጨረሻ ላምባ ምድጃው ውስጥ ጨምራ ውሃ ልትጥድ ጓዳ ገባች። የሣጥኑን ክዳን ሳልገጥም ቀርቼ ነበርና ሲሚንቶው ላይ ደረቅ ነገር ሲጎተት ሰማሁ። ዘንዶው ወጥቷል። ቀጥ ብሎ ወደ ታደሰ ወንበር ሄደ፣ ወጣ፣ መደገፊያው ላይ ተጠመጠመ፣ ያኔ የወንበሩ እንጨት ሲጥ አለ፣ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው።

ጫልቱ ከጓዳ ስትመለስ ቆማ ቀረች።

"ናፍቆት ነው" አለች።

"እባብ ሙቀት እንጂ ናፍቆት አያውቅም" አልኩና፣ ይህን ካልኩ በኋላ ወንበሩን መንካት ግድ ሆነብኝ። ሞቅ ይላል፣ ሰው አሁን እንደተነሳበት። ቤቱ አሥራ ዘጠኝ ዲግሪ ነበር። ቴርሞሜትሩን ወንበሩ ላይ አኖርኩት፣ ጠበቅኩ፣ ሻማውን አስጠግቼ አነበብኩ።

"ስንት ይላል?"

"ሠላሳ ሰባት።"

"የሰው ነው" አለች። ከዚያ ወደ ወንበሩ ጎንበስ ብላ በኦሮምኛ፣ በቀስታ፣ "መጣህ?" አለችው። እመኑኝ፣ አልፈራሁም፤ ምንም አልተሰማኝም፣ ማስታወሻዬን አውጥቼ ሰዓቱን ብቻ ጻፍኩ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ሠላሳ አምስት ነበር። ቀጥሎ ሠላሳ ሁለት።

"ለምንድነው የሚወርደው ጋሼ?"

"ቤቱ እየቀዘቀዘ ነው።"

ይህን ስላት ፊቷን አላየሁም። ውሃው ፈልቶ ነበርና ወደ ጓዳ ሮጠች። እሷ እንደገባች ዘንዶው ከወንበሩ ወረደ፣ ወደ ሣጥኑ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ተዘጋው በር ተሳበ፣ ደፉ ላይ ርዝመቱን ዘርግቶ ተኛ። ብርድ የሚገባው በዚያ በር ሥር ነው። ላነሳው እጄን ከሥሩ ስሰድ ሲሚንቶው ሞቅ ይላል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። የታደሰ አስከሬንም፣ ወረቀትም፣ ወሬም እስከ ዛሬ አልመጣም።

ዘንዶውን ሣጥኑ ውስጥ መልሼ በኮቴ ሸፈንኩት። ጫልቱ ጠርሙሱን ይዛ መጣች፣ ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፣ እሷ ግን በታደሰ ሹራብ ጠቅልላ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

"ዘንዶውስ?"

"ያለን አንድ ጠርሙስ ነው ጋሼ።"

ሰዓት እላፊው ሳይደርስ መሄድ ነበረብኝ። እሷ ወንበሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ መዳፏ ሹራቡ ላይ ነው።

"አንድ ጊዜ ብቻ እይልኝ። አሁንስ ስንት ነው?"

"ሠላሳ ሰባት" አልኳት።

ቴርሞሜትሩን አላየሁትም።