የገምጋሚው ፍላሽ

ሬሳው ከደረጃው ሥር በደረቱ ተደፍቷል፤ በቀኝ መዳፉ ፍላሽ ጨብጧል። መርማሪው ጎንበስ ብሎ አየውና ወገቡን ይዞ እንደ ምንም ተነሣ። ጡረታ ሊወጣ ትንሽ ነው የቀረው፤ ሬሳ ማየት ከሰለቸው ግን ቆይቷል።

ሟቹ የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። አዲሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለሁሉም ከመጫኑ በፊት በራሱ ኮምፒውተር ላይ ፈትሾ የግምገማ ሪፖርት እንዲጽፍ ታዝዞ ነበር።

«ጠጥቶ ነው የወደቀው፤ ነፍስ ይማር» አለ ኃላፊው።

«ባሌ አይጠጣም!» አለች ሚስትየው ግድግዳውን ተደግፋ። «ልጆቼን የሰካራም ልጆች ሊያስብሉብኝ ነው?»

መርማሪው የሟቹን ሸሚዝ ግራ እጅጌ ልብ አለ፤ ከትከሻው ላይ ተተርትሯል።

«መጨረሻ ያዩት የት ነው?» ሲል ኃላፊውን ጠየቀው።

«ትናንት ስወጣ ቢሮው ሪፖርቱን እያተመ ነበር። የፕሪንተሩን ድምፅ ኮሪደር ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን እንጃ።»

የምድር ቤቷ ጸሐፊ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል አሉ?» አላት መርማሪው።

«ኧረ መቼ ያልተጣላነው! በየቀኑ ፍላሹን ይዞ እየወረደ ፕሪንተሬን ሲይዝብኝ አያናድድም? ምነው ዛሬም መጥቶ ባናደደኝ!»

መርማሪው እያለከለከ ወደ ሟቹ ቢሮ ወጣ፤ ፍላሹን ሰክቶ ብዙ ቆየ። ከዚያ ሁሉንም አስጠራ።

«እስቲ ያትሙ» አለው ኃላፊውን።

ኃላፊው ቁልፉን ተጫነ። ፕሪንተሩ ዝም። ደግሞ ተጫነ።

«አዲሱ ሲስተም ከገባ ወዲህ ይህ ፕሪንተር ትንፍሽ ብሎ አያውቅም» አለ መርማሪው። «ሟቹ ለማተም ታች የሚወርደው ለዚህ ነው፤ ትናንትም ፍላሹን ይዞ እየወረደ ነበር። እርስዎ ሲያመሰግኑት የከረሙትን ሲስተም አንድ ቀን እንኳ ከፍተው ቢሆን ይህን ውሸት አይመርጡም ነበር። እጅጌውም በመውደቅ አልተተረተረም፤ የያዘው ሰው አለ። 'ቢሮው እያተመ ነበር' ያሉኝም ደረጃው ላይ አብረውት እንደነበሩ ለመደበቅ ነው።»

ኃላፊው ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

«ልገድለው አልነበረም። ሲስተሙ እንከን የለውም ብዬ ለበላይ ቃል ገብቼ ነበር። እሱ ደግሞ እንከን አለው አለኝ። ፍላሹን ልቀማው እጅጌውን ያዝኩት፤ ሲያስለቅቀኝ ወደቀ።»

«ምን ብሎ ነበር የጻፈው?» አለች ሚስትየው።

መርማሪው በደከመ ድምፅ አነበበላት፦ «ሲስተሙ ጥሩ ነው። ፕሪንተሩ እስኪስተካከል አንድ ሳምንት ይሰጠን።»

ሚስትየው ኃላፊውን ትክ ብላ አየችው።

«ለአንድ ሳምንት?» አለችው። «አንተ ሰውዬ፣ ይህንንስ ለልጆቼ እንዴት ብዬ ልንገራቸው?»