የከንቲባ ማዶክስ አርባ አንድ ቀን

«ይቺ ትወጣለች» አሉ መምህሯ ሚስተር ቶሊቨር፤ በቀይ እስክሪብቶም አንድ ሙሉ አንቀጽ ከዳር እስከ ዳር ሰረዙ።

ጃናያ ጠረጴዛው ጥግ ቆማ አየቻቸው። ከትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ሁሉ የእሷ ጽሑፍ ለሽልማት ተመርጦ ነበር። ቅዳሜ ዕለት የታልመር ከተማ ዋና ጎዳና በከንቲባ ክሊዮታ ማዶክስ ስም ሲሰየም፣ ሕዝብ ፊት ቆማ ልታነበው ነው። ሦስት ሳምንት ለፍታበታለች። የተሰረዘው ደግሞ ዋናው ነገር ነው።

«ለምን? ውሸት አለበት?»

«ውሸትማ የለበትም።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ግን የደስታ ቀን ነው። ማዶክስ ያሸነፈው የድሮው ከንቲባ የልጅ ልጆች ከፊት ይቀመጣሉ። የአያታቸውን ጉድ በማይክሮፎን ብናወጣው ምን ይጠቅመናል? ያለፈው አልፏል።»

ከተሰረዘው በላይ በገዛ እጃቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «ከተማዋም አዲሱን ከንቲባ በሙሉ ልብ ተቀበለች።»

ጃናያ ሁለቴ አነበበችው። ደሟ ፈላ።

ታልመር በሙሉ ልብ አልተቀበለችም። በግማሽ ልብም አልተቀበለችም። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ግንበኛው ማዶክስ ምርጫ አሸንፎ፣ የከተማዋ የመጀመሪያ ጥቁር ከንቲባ ሆኖ ሥራ ሊጀምር ሲሄድ፣ የማዘጋጃ ቤቱ በር በተሸናፊው ከንቲባ ትእዛዝ በሰንሰለት ተቆልፎ ጠበቀው። ቁልፉ ጠፋ ተባለ። ማኅተሙም ጠፋ፣ የውሃ መስመሩ ካርታም ጠፋ፤ ሁሉም በአንድ ሌሊት ተስማምቶ ጠፋ። ማዶክስ ግን ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያሉት ጥቁሮች የወጥ ቤት ወንበሮቻቸውን እየተሸከሙ መጡለትና፣ ዳኛ በሩ ይከፈት ብሎ እስኪያዝዝ ድረስ የከተማዋ ምክር ቤት አርባ አንድ ቀን ማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ላይ ተሰበሰበ፣ በዚያ የሚሲሲፒ ሐምሌ ጠራራ። ቧንቧ ከሐዲዱ ማዶ እንዲገባ የተወሰነው እዚያው ደረጃ ላይ ነው። ጃናያ ጠዋት ጠዋት ፊቷን የምትታጠብበት ውሃ በዚያ ውሳኔ የመጣ ነው። ቀዩ እስክሪብቶ የበላው ይህን ሁሉ ነው።

«የእርስዎም አባት ወንበር ይዘው መጥተዋል። የማዶክስ ባለቤት ሚስ ኧርሊን ነግረውኛል» አለች።

ሚስተር ቶሊቨር እስክሪብቶውን ከደኑት። «አባቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት የሚያሠራው ሰው አላገኘም። ይሄንንስ ነግረውሻል?» ወረቀቱን ገፉላት። «እንደተስተካከለው አንብቢ። ካልሆነ ለሌላ ልጅ እሰጠዋለሁ።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እሳቸው ግን ከተወጉት ወገን ሆነው ለመርሳት ይታገላሉ። ጃናያን ከሁሉ በላይ ያናደዳት ይህ ነው፤ በሌላ ሰው ቢሆን መናደድ እንኳ ይቀላት ነበር።

በር ላይ የጠበቀቻት ጓደኛዋ ታቪያ ወረቀቱን አየችና ከንፈሯን መጠጠች። «ሙድ እየያዙብን ነው እንዴ? ለማንኛውም አንብቢና ሽልማትሽን ላፍ አድርጊ። ማን ልብ ይለዋል?»

«ሚስ ኧርሊን።»



ሚስ ኧርሊን ሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ታሪኩን ለጃናያ የነገሯት እሳቸው ናቸው። ባለፈው እሑድ በረንዳቸው ላይ ባቄላ እየፈለፈሉ እንዲህ ብለዋት ነበር፦ «ክሊዮታ ሲሞት ጋዜጣው "ያለ ችግር አስተዳደረ" ብሎ ጻፈ። ያለ ችግር! በሩ በተቆለፈበት ሰሞን በድንጋይ መትተውት አንድ እግሩን እየጎተተ ነበር ቤት የሚገባው። ልጄ፣ እውነቱ አንድ ቀን እንኳ በአደባባይ ሲነገር ሰምቼ ልሙት።»

ቅዳሜ ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል። ድንኳኑ ሥር ሁሉም በወረቀት ማራገቢያ ይራገባል። የድሮው ከንቲባ የልጅ ልጆች የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተደላድለዋል። ሚስ ኧርሊን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናቸው። መንገዱ በባላቸው ስም እየተሰየመ ሁለተኛ ረድፍ!

ጃናያ ስለ ግንበኛው ልጅነት አነበበች፤ ስለ ምርጫውም አነበበች። በሚስተር ቶሊቨር ጽሕፈት ወደተጻፈችው ዓረፍተ ነገር ስትደርስ አፏ አልታዘዝ አላት።



«አይዞሽ የኔ ልጅ!» አለ ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ።

«ቀስ ብለሽ፣ አትቸኩዪ!»

«በርቺ፣ በርቺ!»

ከሐዲዱ ማዶ ባለው ቤተ ክርስቲያን፣ ሕፃን ልጅ ለፋሲካ ያጠናውን ጥቅስ ምእመናን ፊት ሲረሳ የሚስቅበት የለም፤ እስኪያስታውስ ድረስ ሁሉም እየጮኸ ያበረታታዋል። ጃናያም በአምስት ዓመቷ እንዲሁ ተበረታትታለች። ዛሬም የጠፋባት መሰላቸው። ሚስተር ቶሊቨር እንኳ እንደ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ከዳር ቆመው በከንፈራቸው ያስታውሷታል፦ «በሙሉ... ልብ... ተቀበለች...»

ሚስ ኧርሊንም አንገታቸውን አሰገጉ። «አትፍሪ ልጄ፣ በይው» አሉ።

የሚወዷት ሰዎች ሁሉ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቁት፣ ያንን ውሸት እንድትናገር እያበረታቷት ነው። አሮጊቷም ራሳቸው «በይው» እያሏት ነው። ይህን ያህል ያላገጠባቸው ማን ነው? ማንስ ፈቀደለት?

ወደ ሚስተር ቶሊቨር ዞረች። ዓይን ለዓይን ተያዩ። የሚንቀሳቀሰው ከንፈራቸው ቆመ፤ ምን ልታደርግ እንደሆነ ገብቷቸዋል። እጃቸውን ግን አላነሡም፣ ወደ መድረኩም አልመጡም። መሬት መሬቱን አዩ።

ሽልማቱ ቀረ ማለት ነው፤ ምናልባት ሌላም ነገር ይቀር ይሆናል። ወረቀቱን አጠፈችና ኪሷ ከተተችው።

«አልጠፋብኝም» አለች ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብላ። ስትናገር የምታየው ሁለተኛውን ረድፍ ብቻ ነበር። «በሩን በሰንሰለት ቆልፈውበት ነበር።»