ሰባት ደቂቃ ከአርባ

ዱዌይን ክሬስወል የሞተው የሰው ሸክላ ሲጥል ነው።

ሳጅን ሃልዶራ ቢያርናሶን ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ምድር ቤት ስትወርድ ሬሳው በአሮጌ የዘፈን ሸክላዎች ክምር ላይ በአፉ ተደፍቶ ነበር። አናቱን የፈረከሰው የማይክሮፎን ማቆሚያ አጠገቡ ወድቋል። ብረቱ ድፍን ስለሆነ አንድ ምት በቂ ነው። ከሟቹ ጋር የሚሠሩት አራት ሰዎች ፎቅ ላይ ተቀምጠዋል። አንዳቸውም አላለቀሱም።

«ሥራው አልቋል፣ ሳጅን» አለ ኮንስታብል ዊቤ። «ልጅቷን አስረናታል። ሬሳውን ያገኘችው እሷ፣ ጠዋት የተጣላችው እሷ፣ እጇ ላይ ደም ያለው እሷ። ከሰዓት በኋላ ክስ ይመሠረትባታል።»

«ደሙ ከየት መጣ አለች?»

«ማቆሚያውን ከላዩ ላነሳለት ብዬ ነው አለች።»

«አንተ ብትሆን ትተወው ነበር?»

ዊቤ ሰዓቱን አየ። ምሳ ሰዓቱም ደርሶ ነበር።

ውጭ የካናዳዋ ከተማ ዊኒፔግ ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት ዲግሪ ላይ ነበረች። ውስጥ ደግሞ በየኮሪደሩ፣ በየደረጃው፣ ሽንት ቤት ሳይቀር በተሰቀሉት ድምፅ ማጉያዎች አንድ ፌዘኛ ወንድ «እኔ መርቭ ነኝ። ያሰኘኝን አጫውታለሁ» ይላል። መርቭ የሚባል ሰው ግን የለም። አማካሪው ክሬስወል ከቶሮንቶ በቦርሳው ይዞት የሚዞረው አሠራር ነበር። ጣቢያው የሰው ስም ይወጣለታል፣ አቅራቢዎቹ ይባረራሉ፣ የሠላሳ ዓመት ተወዳጅ ዘፈን ሁሉ ተደበላልቆ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፣ በመሃል አንድ የተቀዳ ድምፅ ይቀልዳል። በአንድ ዓመት ስምንት ከተማ አዳርሷል። ዊኒፔግ ዘጠነኛዋ ናት።

ሥራ አስኪያጇ ጊልዳ ማክሮሪ ከጠረጴዛዋ ቀና ሳትል ተቀበለቻት።

«ሰውየው ጣቢያዬን አድኖልኛል። እኔ እስከ አራት ተኩል ከስድስት ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ጋር ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስድስቱንም ጠይቂያቸው። ሌላ ነገር አለሽ?»

«ስቱዲዮ ውስጥ ማን ነበር?»

«ኦረስት። ኮምፒውተሩን እየጠበቀ።» ጊልዳ ሳቀች። «አርብ ይሰናበታል። ሠላሳ አራት ዓመት በየጠዋቱ ለፍልፎልናል። በሱ ዘመን ይህ ጣቢያ ምን እንደነበር ልንገርሽ? አያ ሲጋራ ሲያምረው 'የበረዶ ባቡር' የሚለውን ዘፈን ከዳር እስከ ዳር ይከፍትና ይወጣል። ሰባት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ! መላው ከተማ 'ኦረስት ሊያጨስ ወጣ' ይል ነበር። በዚህ ዓይነት ሥራ ይሠራል?»

የመርቭ ድምፅ ባለቤት ሬሚ ደሮዚየ ነው። አየር ላይ ከተማውን በሙሉ ያሽሟጥጣል። በአካል ግን በር ሲገፋ በሩን ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ሰው ነበር።

«ክሬስወል በሌላ ድምፅ ሊተካኝ ነበር» አለ ሳይጠየቅ። «ጠልቼዋለሁ፣ አልዋሽሽም። ግን እስከ አራት ተኩል እየቀዳሁ ነበር፤ ቅጂው ላይ ሰዓቱ አለ። ይቅርታ።»

ማሪቴስ ኦካምፖ በካቴና ታስራ ተቀምጣ ነበር። የኮምፒውተሩን የዘፈን ዝርዝር የምታወጣው እሷ ናት።

«ልጄን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት ማምጣት አለብኝ» አለች። «ማን ያመጣልኛል? አባት የላትም።»

«እስከዚያ ጊዜ አለን። ለምን ወረድሽ?»

«ዝርዝሬ ውስጥ የሌለ ዘፈን ሰማሁ። 'የበረዶ ባቡር'፣ ረጅሙ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ተቆርጦ ሦስት ደቂቃ የቀረው ነው። ይባስ ብሎ ተሰነቀረ! አንዱን ቃል እየደጋገመ አሳበደኝ። ክሬስወል ዝርዝሬን የነካካብኝ መስሎኝ ልሰድበው ወረድኩ። ለፖሊሱ ስነግረው 'ኮምፒውተር የሌለውን አያጫውትም' ብሎ ሳቀብኝ።»

ኦረስት ፓላማር ስቱዲዮ ውስጥ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል። ከክንዱ አንድ ስንዝር ላይ የጣቢያው የመጨረሻ ሸክላ ማጫወቻ አለ፤ ሸክላው አልወረደም።

«ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም» አለ።

«ታዲያ ያንን ሸክላ ያጫወቱት እርስዎ ነዎት?»

«የመጨረሻ ሳምንቴ ነው። ይክሰሱኛ።»

«ማሪቴስ የወረደችው እሱን ሰምታ ነው። ለምን ለፖሊስ አልነገሩላትም?»

«የጠየቀኝ የለም።»

ጣቢያው አየር ላይ የሚወጣውን ሁሉ ቀድቶ የማስቀመጥ ግዴታ አለበት። ሃልዶራ የረፋዱን ቅጂ አስከፍታ አንዱን ቦታ ሦስት ጊዜ ሰማችው። ቶሮንቶ ደውላ ከክሬስወል አለቃ ጋር ተነጋገረች። ከዚያ ካፖርቷን አውልቃ ከምድር ቤቱ እስከ ሦስተኛ ፎቁ ስቱዲዮ ሮጠች። ዊቤ አብዳለች ብሎ አሰበ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም ስቱዲዮ ሰበሰበቻቸው።

«ክሬስወል ከአለቃው ጋር በስልክ እያወራ 'ቆይ፣ ሰው መጣብኝ' ብሎ ዘጋ» አለች። «አራት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ላይ ነበር። መልሰው ሲደውሉለት አላነሳም። ጊልዳ ስብሰባ ላይ፣ ሬሚ ቀረጻ ላይ ነበሩ። ሁለቱንም አጣርቻለሁ።»

«የቀረችው ልጅቷ ናት» አለ ዊቤ።

«አቶ ፓላማርም አሉ። ዘፈኑ የተከፈተው አራት ሰዓት ከአሥራ አራት ላይ ነው። ረጅሙ ያለው እዚህ ሸክላ ላይ ብቻ ነው፤ እሳቸውም እኔ ነኝ ብለውኛል።»

«ዘፈን መክፈት ወንጀል ሆነ?» አለ ኦረስት።

«አልሆነም። ግን አራት ሰዓት ከአሥራ ስምንት ላይ መርፌው ተሰነቀረ። ያንኑ ቃል ሃምሳ ሁለት ሰከንድ ደጋገመ። አልተነሳሁም ያሉኝ ከዚህ ወንበር ነው፤ መርፌው ደግሞ ይኸው፣ ክንድዎ ሥር።»

ነገሩ ቀድሞ የገባው ለሬሚ ነበር። «ኦረስት? ሃምሳ ሁለት ሰከንድ? እኔን ለሁለት ሰከንድ ዝምታ ወንበር ወርውሮብኛል!»

«ሽንት ቤት ሄጄ ነበር» አለ ኦረስት።

«ጠዋት አልተነሳሁም፣ አሁን ሽንት ቤት። ሽንት ቤቱ አሥር እርምጃ ነው፣ ድምፅ ማጉያም አለው። ሲሰነቀር ሰምተው በአምስት ሰከንድ ይደርሱ ነበር። ከምድር ቤቱ ደረጃ ግን ሌላ ነው። እኔ አርባ አራት ሰከንድ ፈጀብኝ። ዕድሜዬ የርስዎን ግማሽ ነው።»

ከላይ መርቭ ስለ ብርዱ ቀለደ።

«አንድ ነገር ግን ይገርመኛል» አለች ሃልዶራ። «ኮምፒውተሩ ሰው አያስፈልገውም። እርስዎን ያባረሩትም ለዚሁ ነው። ሳይነኩት ቢወርዱ ዘፈኑ ራሱ ይቀጥል ነበር፤ እኔም ምንም አላገኝም ነበር። ለምን ሸክላውን ከፈቱ?»

«ስቱዲዮ ጥዬ ልወጣ?» ኦረስት እንደ ሰደቡት ሁሉ ቀና አለ። «ለዚያ ቆርቆሮ? ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ረጅሙን ሳልከፍት ከዚህ በር ወጥቼ አላውቅም!»

ያለውን የሰማው ካለ በኋላ ነው።

«አንድ ሣጥን ስጠኝ ልለው ነበር የወረድኩት» አለ ቀስ ብሎ። «አንድ ሣጥን ሸክላ። 'መርቭ አያስፈልገውም' አለኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ መጣሉን ቀጠለ። ያሰኘኝን አጫውታለሁ ይላል! ሲያሰኝ የነበረው ማንን ነው? እኔን ነው!»

ዊቤ ካቴናውን ከማሪቴስ እጅ ፈቶ ኦረስትን አሠረበት። ማሪቴስ አንጓዋን እያሻሸች ተነሳች። ላለፉት ስድስት ዓመታት ሰውየውን ቲቶ ኦረስት ስትለው ነበር፤ በፊሊፒኖች ልማድ አጎቴ እንደማለት ነው። አሁን ምንም አላለችውም። ወደ ኮምፒውተሩ ሄዳ ጠቅ አደረገች።

መርቭ በቃሉ መሃል ተቆረጠ። በኮሪደሩም በደረጃውም ዝም አለ።

«ማስታወቂያው!» ብላ ጮኸች ጊልዳ። «የመኪና ሻጮቹ ማስታወቂያ ነው እኮ!»

ኦረስት በሩ ላይ ቆመ። ነፍሰ ገዳይ ሲሉት ያልተለወጠው ፊቱ አመድ መሰለ።

«ማሪ፣ አየሩ ባዶ ነው። አንድ ነገር ክፈቺ። የፈለግሽውን።»

«ሦስት ሰዓት ሙሉ ታስሬ ስቀመጥ እዚህ ነበርክ» አለች። «አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። አሁን ዝምታውን አንተም ስማው።»

ቦርሳዋን አንስታ ልጇን ልታመጣ ወጣች። ሃልዶራ ኦረስትን ይዛ ደረጃውን ወረደች። እስከ መኪናው ሦስት ደቂቃ ፈጀባቸው። ሦስቱንም ደቂቃ ሰውየው በእያንዳንዱ ድምፅ ማጉያ ሥር ሲያልፍ ቀና እያለ ያዳምጥ ነበር።