የሞተ ሰው የላካቸው ፋይሎች

የፊልም ኤዲተሩ ስቱዲዮው ውስጥ ኮምፒውተሩ ፊት ተደፍቶ ሲገኝ የፊልሙ ፋይሎች ገና ክላውድ ወደሚባለው የኢንተርኔት ማከማቻ እየተጫኑ ነበር። በካሜራ ማቆሚያ ብረት ከኋላው ተመቷል። ስክሪኑ ላይ በተከፈተው ጥቁር የትእዛዝ መስኮት የተላኩት ፋይሎች ቁጥር ይጨምራል፤ ወንበሩ ሥር ያለው ደም ግን ረግቷል።

አስከሬኑን ያገኘችው ሚስቱ ናት። ታላቅ ወንድሙ ገና ከበሩ ሳይገባ ጣቱን ቀሰረባት።

«እሷ ናት! ቤታችን ከገባች ጀምሮ ደማችንን ስትመጥ የኖረች!»

«ጋሼ፣ ሬሳው ፊት እንኳ ይተዉኝ።»

«ጋሼ አትበይኝ!»

መርማሪዋ ለጭቅጭቁ ጆሮ ሳትሰጥ ስክሪኑ ላይ አጎነበሰች። ፊት የማትሰጥ ሴት ናት ይሏታል። ከዚያ አንድ በአንድ ለየብቻ ጠየቀች።

ወንድምየው አላመነታም። «ምሳ የበላሁት ከፊልም ሥራ ሸሪኩ ጋር ነው። ስልኩን አውጥቶ ፋይሎቹ ሲገቡ አሳየኝ። ‹ወንድምዎ ምሳ የሚባል አያውቅም፤ ይኸው ይልካል› አለኝ። ያኔ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ እዚህ የገባችው እሷ ብቻ ናት።»

ሸሪኩ ገና ሲጠየቅ ቱግ አለ። «ስንቴ ልናገር? ትቼው ስወጣ ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየመረጠ ይጭን ነበር።»

«ተጣልታችኋል ይባላል።»

«የማይጣላ ሸሪክ የት አለ? ይልቅ ሚስቲቱን ይያዙ!»

የሚስትየዋ እንባ ደርቋል። «ስለ አንድ ፋብሪካ ሠራተኞች በደል አብረው የሠሩትን ፊልም ሸሪኩ ለባለፋብሪካው ሊሸጠው ፈለገ። ባሌ ‹ሠራተኞቹ አምነውኝ የነገሩኝን አልሸጥም› አለ። የጋራ ክላውዳቸውን ፓስወርድም ለወጠበት።»

«ወንድሙ ይህን ያውቃሉ?»

«እሳቸው እኔን መች ያናግሩኛል?»

መርማሪዋ ሦስቱንም እዚያው ስቱዲዮ ሰበሰበቻቸው።

«ፋይል ስለተላከ ሟች በሕይወት ነበር ብላችኋል። እዚህ የተጻፈችው ግን አንዲት መስመር ትእዛዝ ናት። አንዴ ከተጻፈች ፕሮግራሙ ፎልደሩን እንዳለ ራሱ ይጭናል፤ ሰው ኖረም ሞተም።» ወደ ሸሪኩ ዞረች። «ታዲያ አንድ በአንድ ሲመርጥ ያዩት ማንን ነው?»

«ተሳስቼ ይሆናል።»

«ይሁን። ግን ሟች ክላውዱን ዘግቶብዎታል። ፋይሎቹ ሲገቡ በስልክዎ እንዴት አዩ?»

ሸሪኩ ስልኩ ያለበትን ኪስ በእጁ ሸፈነ።

«ትእዛዙ ላይ የተጻፈው መድረሻ የእርስዎ የግል ክላውድ ስለሆነ ነው። ፊልሙን የከለከለዎት ሰው በገዛ እጁ አይልክልዎትም። መትተው ጣሉት፤ ትእዛዙን ጽፈው ምሳ ሄዱ። ፕሮግራሙ ፊልሙንም ሰረቀልዎት፣ ምስክርም ሆነልዎት። ለምሳ ታላቅ ወንድሙን የመረጡት ደግሞ ከወንድማቸው ሚስት ጋር እንደማይነጋገሩ ስለሚያውቁ ነው። እሳቸው ስለ ፓስወርዱ ከእሷ ሰምተው ቢሆን ኖሮ ስልኩን ሲያሳዩዋቸው ይነቁብዎት ነበር።»

«ፊልሙ የኔም ነበር!» ሸሪኩ ጮኸ። «እሱ ጻድቅ እንዲባል እኔ ልራብ?»

ከመርማሪዋ ጋር የመጣው ፖሊስ ካቴና አጠለቀበት።

ወንድምየው ግድግዳውን ተደግፎ «እህቴ…» አለ።

ሚስትየዋ ቀና ብላ አየችው።

«ወንድምህን ማን እንደገደለው ዛሬ አወቅህ» አለችው፤ አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። «እኔን ግን ይሄን ሁሉ ዓመት ስትገድለኝ የኖርከው አንተ ነህ።»

መልሱን አልጠበቀችም፤ አስከሬኑን ከተሸከሙት ሰዎች ኋላ ደረጃውን ወረደች።