የአባ በንቲ ቻርጀር

አባ በንቲ ስልካቸውን እንደጨበጡ፣ በባዶ እግራቸው፣ እርጥብ የሲሚንቶ ወለል ላይ ሞተው ተዘርግተው ተገኙ። ስልኩ ከግድግዳው ሶኬት ላይ በቻርጀር እንደተሰካ ነበር። ለቡ ዳር የቀሯቸውን ሁለት ላሞች እያለቡ፣ ሰርቪስ ቤት እያከራዩ የሚኖሩ፣ ክፉ ቃል የማይወጣቸው ሽማግሌ ነበሩ።

ኢንስፔክተር ሴና ስትደርስ ተከራያቸው ውብነሽ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ልቅሶዋ የእውነት ነው፤ ፍርሃቷም እንዲሁ። ሌላውን ተከራይ፣ ኤሌክትሪሽያኑን ሃምዛን፣ ፖሊሶች ክንዱን ይዘውታል። ያስያዘው የሟቹ የወንድም ልጅ ሮበሌ ነው። ሮበሌ የሐዘንተኛ ሥራ ሳይጀምር የዳኛ ሥራ ጀምሯል።

«ሶኬቱን በቅርቡ የቀየረው እሱ ነው። አጎቴን በኮረንቲ የገደላቸው እሱ ነው» አለ።

«አንተስ የት ነበርክ?»

«ጎፋ። ደውዬላቸው ነበር። አንስተው ሃሎ እንኳ ሳይሉ...» ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አየው። «ባልደውል ኖሮ እኮ በሕይወት ይኖሩ ነበር።»

ውብነሽ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

ሴና ተንበርክካ ቻርጀሩን አየችው፤ በጥፍሯም ፈቀፈቀችው። ከዚያ ወደ ሃምዛ ዞረች።

«የምትነግረኝ ነገር አለ?»

ሃምዛ ውብነሽን አየት አደረገና አቀረቀረ። «የለም።»

«አንቺስ ውብነሽ፣ ከሳቸው ዕቃ ተውሰሽ ታውቂያለሽ?»

«ትናንት ቻርጀር ተውሼ ወዲያው መልሻለሁ» አለች፤ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉታል ይህን። ሴና አስፈቅዳ የውብነሽ ክፍል ገባችና ብዙም ሳትቆይ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ሶኬቱን ሌላ ባለሙያ ፈትሾታል፤ ጤነኛ ነው። ስለዚህ ሃምዛ የለበትም። መደወልም ሰው አይገድልም፣ ሮበሌ። የገደላቸው ቻርጀሩ ነው። ውስጡ ውሃ ገብቶበታል፣ ኮረንቲውን ወደ ስልኩ እንዳለ ያሳልፋል። ስንጥቁ ደግሞ በቀይ የጥፍር ቀለም ተለጥፏል። አባ በንቲ ጥፍር ይቀቡ ነበር?»

ሴና ወደ ተከራይዋ ዞረች።

«ውብነሽ፣ እጅሽን አሳዪኝ።»

ጥፍሯን ጠዋት ፍቃዋለች፤ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ግን ቀይ ቀርቷል።

«የመለስሽላቸው የራስሽን ነው። አንቺ ክፍል የተሰካው ቻርጀር ማርኩ ከሳቸው ስልክ ጋር አንድ ነው።»

«የኔው ቻርጀር ልብስ ሳጥብ ወድቆ ተሰነጠቀ፣ ሳፋው ውስጥም ገባ» አለች ውብነሽ በቀስታ። «ከዚያ ወዲህ በባዶ እግሬ ስሆን ይነዝረኝ ነበር። እሳቸው ከቦቲ ጫማ አይወጡም፣ ልብም አይሉት ብዬ ነው። ዛሬ ለቅሶ ለመሄድ እግራቸውን እንደሚታጠቡ በምን ልወቅ?»

«ልብ ብለውታል» አለ ሃምዛ።

ሁሉም ዞሩ።

«ትናንት ጠርተው አሳዩኝ። ‹የእርስዎ አይደለም፣ ውብነሽን ልጠይቅልዎት?› አልኳቸው። ‹ተው፣ ተሳስታ ይሆናል። ጠይቀህ እንዳታሳፍራት› አሉኝ።»

«ሊያስሩህ ነበር እኮ» አለች ሴና። «ምነው ዝም አልክ?»

«እንዳታሳፍራት ብለውኛል።»

ውብነሽ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ቁጣና ስድብ ስትጠብቅ ነበር፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጀችም።

«ምነው ባሳፈሩኝ» አለች።