የጠዋት አንድ ሰዓት ኪኒን

ጋሬት ፒንሰንት የሞተው በሰው ሳንባ ነው። ከተተከለለት ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ሐኪሞቹ ሬሳውን ከፍተው ሲያዩ የገዛ ሰውነቱ ሳንባውን አውድሞት አገኙ። አባቱ አምብሮዝ ደግሞ «ምራቴ ናት የገደለችው» ብሎ ስለከሰሰ መርማሪዋ ማቪስ ኪን ተጠራች።

ባሕሩ ዳር ያለው ቤት ስትደርስ ሦስቱ የሟች ቤተሰቦች ኩሽና ተቀምጠዋል። የሚያለቅስ የለም። የተጣደው ጨው ዓሣ ገንፍሎ ምድጃው ላይ ሲፈስ እንኳ የተነሣ አልነበረም። አምብሮዝ የግድግዳውን ሰዓት ያያል። ምራቱ ኖሪን ከሸርጣን ፋብሪካ በቀጥታ መጥታ ቦት ጫማዋን አላወለቀችም። የሟች እህት ሼልቢ ከሁሉም ርቃ፣ ክፍት መስኮት ሥር፣ አፏን ሸፍና ትስላለች። ሳንባን በወፍራም አክታ የሚዘጋው በሽታ እንደ ወንድሟ ከእሷም ጋር ነው የተወለደው። ሐኪሞቹ እሷንም ለንቅለ ተከላ ፈርሚ ብለዋታል፤ እስከ ዓርብ ነው።

«አልፈርምም» አለች። «ለሁለት ዓመት ብዬ ደረቴን አላስቀድድም። ደግሞ የገደለው የኔ ሳል ይሆናል። እኛ በሽተኞቹ ተሐዋሲ ስለምንተላለፍ መቀራረብ የለብንም፤ እኔ ግን የገና ዕለት አቀፍኩት።»

«የሁለታችሁ አክታ ተመርምሯል» አለች ማቪስ። «ያንቺ ተሐዋሲ እሱ ውስጥ የለም።»

ወደ ኖሪን ዞረች። «አንቺስ?»

«ሦስት ወር ሙሉ እዚያ ሩቅ ላብራዶር ሸርጣን ስፈለፍል ነበር። በምን ልግደለው? በስልክ?»

«ሻይ ልካለታለች!» አለ አምብሮዝ። «የማይታወቅ ቅጠላ ቅጠል!»

«ናና ነው አባባ። እርስዎም ግማሹን ጠጥተውታል።»

ማቪስ የሻዩን ቆርቆሮ ከፍታ አሸተተች። ናና ነው። «ኪኒኑንስ ማን ይሰጠው ነበር?»

«እኔ ነኛ!» አምብሮዝ ያን ጊዜ ቀና አለ። «ከልጅነቱ ጀምሮ። ሲያገባ ለዚች አስረከብኩ፤ ስትሄድ መልሼ ያዝኩት። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲል አሥራ አራት ፍሬ መዳፉ ላይ አደርጋለሁ፤ እሱ ሳያይ በአንድ ጉንጭ ውሃ ጥርግ! ትምህርት ቤት እያለ በዚህ ይወራረድ ነበር። አንድ ቀን አላሳለፍኩም፣ እመቤቴ። አንድ ቀን!»

«በየወሩ ለምርመራ ደም የሚሰጥበት ማክሰኞም?»

«ማክሰኞማ ይበልጥ! ባዶውን ልስደደው?»

ኖሪን ጭንቅላቷን ያዘች።

ማቪስ የደም ውጤቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

«ሦስታችሁም ስሙኝ። ሰውነት የሰው ሳንባ ሲገባበት እንግዳ ነው ብሎ ይዋጋዋል። ከአሥራ አራቱ ፍሬ ነጩ ነው ያንን ውጊያ የሚያበርደው። በደም ውስጥ ስንት እንደቀረ የሚለካው የጠዋቱ ሳይዋጥ ነው። ኖሪን፣ ደም በሚሰጥበት ማክሰኞ ነጩን የት ታደርጊው ነበር?»

«ኪሴ። ደሙን ከሰጠ በኋላ መኪና ውስጥ ይውጠዋል።»

«አንቺ እያለሽ ልኬቱ ደህና ነበር። ከሄድሽ በኋላ ሦስት ጊዜ ተለካ፤ ሦስቴም ከሚገባው በላይ ሆነ። ደሙ የተቀዳው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ አንድ ሰዓት ላይ የዋጠው ገና ደሙ ውስጥ መግባቱ ነበር። ሐኪሞቹ መድኃኒቱ በዛበት ብለው ቀነሱ። ደግመው ቀነሱ። ሦስተኛም ቀነሱ። በመጨረሻ ሳንባውን የሚጠብቅለት ነገር አልቀረም። ነርሷ ደውላ ኪኒኑን ወስዷል ወይ ስትል ማን መለሰ?»

«እኔ» አለ አምብሮዝ። «በሰዓቱ ወስዷል አልኳት።»

«ጋሬት ራሱ አያውቅም ነበር?» አለች ሼልቢ።

«ያውቃል» አለች ኖሪን። «አንቺ ስትውጪ መዳፍሽን ታያለሽ?»

ሼልቢ መዳፏን ገልብጣ አየችው።

«እንግዲህ የኔም ሳል አይደለም። ሳንባውም መጥፎ አልነበረም።»

«አልነበረም» አለች ማቪስ። «ስንት ዓመት ይቆይ እንደነበር ግን ማንም አይነግርሽም፤ እኔም አልዋሽሽም።»

«እስክሪብቶ አለዎት?»

ሼልቢ የንቅለ ተከላውን ወረቀት ፈረመች። አምብሮዝ ሰዓቱን ማየት ትቶ ጠረጴዛውን ያያል። ምራቱን ይቅርታ አላለም።

«ሼልቢ ከተተከለላት በኋላ፣ ደም በምትሰጥበት ማክሰኞ» አለ በመጨረሻ፣ «ማን ይወስዳታል?»

«እርስዎ ይነዳሉ» አለች ኖሪን። «ነጩ እኔ ኪስ ይሆናል።»

ጎንበስ ብላ ቦት ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።