የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ

ኖኤሚ ዊልበርትን የተዋወቀችው ትከሻው ላይ ተኝታ ነው። በሆቴሉ የሠራተኞች አውቶብስ ውስጥ እንቅልፍ ጣላትና ስትነቃ ራሷን የማታውቀው ሰው ላይ አገኘችው።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ሸሚዝህን አጨማደድኩት።»

«ሸሚዙስ ይተኮሳል። ግን ታንኮራፊያለሽ።»

«ውሸታም! እኔ አላንኮራፋም።»

«ሾፌሩን ጠይቂው፤ ሞተሩ የተበላሸ መስሎት ሁለቴ ቆሟል።»

እሷ ክፍል ታጸዳለች፤ እሱ እንግዳ መቀበያው ላይ ይሠራል። በዚያ የባሕር ዳርቻ ሆቴል ለእንግዳ «አይሆንም» ማለት ክልክል ነው። የተጠየቀው ነገር ባይኖርም ፈገግ ብሎ፣ እጅን ደረት ላይ አድርጎ፣ «የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ» ይባላል። ዊልበርት ምሳ ሰዓት ላይ ይህንኑ እየሠራ ያስቃታል።

«ይህን ካልኩ ነገሩ አብቅቷል ማለት ነው» ይላታል፤ «የማያውቀው እንግዳው ብቻ ነው።»

በዚያው ሳቅ ተዋደዱ። ሥራውን ትተው ወደ ኖኤሚ የትውልድ ከተማ ቫያዶሊድ ሊገቡ፣ እናቷ ደጃፍ ላይ ፓኑቾ የሚባለውን ባቄላ የተሞላ የበቆሎ ቂጣ እየጠበሱ ሊሸጡ ተስማሙ።

አንድ ቀን አንዲት እንግዳ ቀለበቴ ጠፋ አለች። የሆቴሉ ጥበቃዎች ክፍሉን ያጸዳችውን ኖኤሚን ኮሪደር ላይ አቁመው ኪሷን አስገለበጧት፤ ጫማዋን አስወለቋት። ቀለበቱ ከሴትዮዋ ከራሷ ቦርሳ ተገኘ። ዊልበርት ተጠርቶ መጣና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሴትዮዋን። በባዶ እግሯ ወደ ቆመችው ኖኤሚ ዞር ብሎ አላየም።

ድካሙን ችላው ኖራለች። ይህን ግን አልቻለችም። በማግስቱ የሥራ ልብሷን መልሳ ፌርማታው ላይ ጠበቀችው።

«ቅዳሜ እሄዳለሁ። አብረን እንሂድ።»

«የፈረቃ ኃላፊ ሊያደርጉኝ ነው። ትንሽ ብንታገሥስ?»

«ትናንት ለምን አላየኸኝም?»

«ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ኖኤሚዬ።»

«አሁን ሥራ ላይ አይደለህም። ትመጣለህ ወይስ አትመጣም?»

ዊልበርት መሬት መሬት እያየ ፈገግ አለ። እጁ ሳይታወቀው ደረቱ ላይ አረፈ።

«የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ» አላት።

ምን እንዳለ ልብ ያለ አይመስልም። እሷ ግን ሰማችው። የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለትና «አመሰግናለሁ» አለችው፣ ልክ እንደ እንግዳ።

ቅዳሜ የቫያዶሊዱ አውቶብስ ውስጥ ከጎኗ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አስቀመጠች። እንደማይመጣ ሆዷ ያውቀዋል፤ ቢሆንም ቦታ ያዘችለት። ሞተሩ ሲነሳ አንዲት አሮጊት አጠገቧ ቆሙ።

«ልጄ፣ ሰው አለው?»

ኖኤሚ ቦርሳዋን አነሳች።

«የለውም፣ እማማ። ይቀመጡ።»